ማስረሻና ቢጫዋ ቀሚስ

ልጆች፣ ጆሮ አላችሁ? እስቲ ያዙት! እንዳይወድቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙት!

እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ታሪክ ትንሽ ያስለቅሳል። ማልቀስ የመጣበት ያልቅስ፣ እኔ አልቆጣም።

ጣና ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። ውሃው ቀኑን ሙሉ ከደጇ ሥር ቸብ! ቸብ! ይላል።

በዚያች ቤት ማስረሻ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ምላሷ በቀዳዳው ብቅ ይላል።

አባቷ አዱኛ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል የሚባለውን ረጅም የውሃ ሣር ያጭድና፣ ያደርቅና፣ እያሰረ ታንኳ ያደርገዋል።

ሲያስር ጥብቅ! ጥብቅ! ነው። ማስረሻም አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ በቁርጥራጩ ትንንሽ ታንኳ ትሠራለች።

እናቷ ውዴ ትባላለች። ውዴ ቀልደኛ ናት፤ ዓሣ ስትጠብስ ታንጎራጉራለች፣ አባዬንም ታበሽቀዋለች።

ግን አንዳንድ ቀን እማዬ ዝም ትላለች። ዝም ያለች ቀን ዓሣውም ያርርባታል።

ያን ጊዜ ከመደቡ ሥር ሙዳይዋን ትስባለች። ሙዳይ ክዳን ያላት፣ በስንደዶ የተሰፋች ትንሽ ዕቃ ናት።

ክዳኑን ከፈት ታደርጋለች። ከውስጥ አንዲት ቢጫ፣ ትንሽዬ ቀሚስ ታወጣለች።

ቀሚሷን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። ታሸታታለች። ከዚያ ዐይኗ እንባ ይሞላል።

«እህህህ...» ትላለች እማዬ።

ማስረሻ ይህን በበሩ ስንጥቅ ታያለች። «ያቺ ቀሚስ የማን ናት?» ትላለች በሆዷ። ለእሷ እንደሆነ አትበቃትም፤ ክንዷን እንኳ አታስገባላትም።

አንድ ቀን ገባችና ጠየቀች። «እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ጭስ ገብቶብኝ ነው፣ የኔ እናት።»

ጭስ ግን አልነበረም። እሳቱም ገና አልተያያዘም። ትልልቅ ሰዎች ልጅ የማያይ ይመስላቸዋል። ወይ አለማወቅ!

ማስረሻ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማዬ እንዳታለቅስ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዝናቡ አባራ። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለበሰ።

ማስረሻና ጓደኛዋ አደይ ውሃው ዳር እግራቸውን እየነከሩ ይጫወቱ ነበር። ቸብ! ቸብ!

«የኔ ስም ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?» አለች አደይ። «አደይ አበባ ሲፈነዳ ስለተወለድኩ ነው! እናቴ ነግራኛለች። ያንቺስ?»

ማስረሻ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«አታውቂውም?» አለች አደይ። «የገዛ ስምሽን?»

ማስረሻ ኩም አለች። እግሯን ከውሃው አወጣችና ወደ ቤት ሮጠች።

አባዬ ደንገል እያሰረ ነበር። ጥብቅ! ጥብቅ!

«አባዬ፣ ስሜ ከየት መጣ?»

ጥብቁ ቆመ። አባዬ ቀና ብሎ አላያትም። «እናትሽን ጠይቂ» አለ።

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከች! ከች! ከች!

«እማዬ፣ ስሜ ከየት መጣ?»

ከቹም ቆመ። «አባትሽን ጠይቂ» አለች እማዬ።

ይኸውላችሁ! አባት ወደ እናት፣ እናት ወደ አባት። ልጅቷ መሐል ቤት ቀረች።

እንግዲያው ማንን ትጠይቅ? ጎረቤታቸውን እማማ ጠጄን ነዋ! እማማ ጠጄ ዘንድ ምሥጢር አያድርም።

እማማ ጠጄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸው ሽርርር! ይላል።

«እማማ፣ ስሜ ከየት ነው የመጣው?»

«ውይ የኔ ልጅ! እስካሁን አልነገሩሽም?» እማማ ጠጄ እንዝርቱን አስቀመጡት። «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

ማስረሻ ቁጭ አለች።

«ካንቺ በፊት እናትሽ ሌላ ልጅ ነበረቻት። ሴት ልጅ። እህትሽ።»

ማስረሻ ዐይኗ ፈጠጠ። «እኔ እህት አለችኝ?»

«ነበረችሽ፣ የኔ ዓለም። ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረች። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ታመመች። ሞተች።»

እማማ ጠጄ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«እናትሽ አለቀሰች፣ አለቀሰች። እኛም ከብበናት ተቀምጠን፣ ‹አይዞሽ ውዴ፣ ማስረሻ ይስጥሽ!› አልናት።»

«እኔን?»

«አንቺማ ገና አልተወለድሽም! ለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል። ሐዘኑን የምታስረሳ ሌላ ልጅ እግዜር ይስጥሽ ማለት ነው።»

ማስረሻ ጆሮዋን አቁማ ሰማች።

«ከዚያ አንቺ ተወለድሽ! እኛ እልልል! አልን። ‹ማስረሻዋ መጣች! ማስረሻዋ መጣች!› እያልን ገባን። በዚያው ስምሽ ሆኖ ቀረ።»

«የእህቴስ ስም ማን ነበር?»

«እሽሽሽ!» አሉ እማማ ጠጄ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «ስሟን አናነሳም። እናትሽ ከሰማች ሐዘኗ ይቀሰቀሳል።»

እንዝርቱ እንደገና ሽርርር! አለ። ማስረሻ ተነሥታ ሄደች።

ምን እያሰበች እንደሄደች ልንገራችሁ?

«ለካ ማስረሳት የኔ ሥራ ነው። እማዬ የምታለቅሰው እኔ ሥራዬን ስላልሠራሁ ነው!»

አይ ማስረሻ! ማን እንዲህ አላት? ማንም አላላትም። እራሷ ናት አስባ ያመጣችው።

ቤቷ ደጅ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ደረቷን ነፋች።

«እኔ ማስረሻ ነኝ! አስረሳለሁ!»

በማግስቱ እማዬ ዝም አለች። ዓሣው አረረ።

ማስረሻ ቅል አንሥታ ራሷ ላይ ደፋች። ትከሻዋን እስክስ! እስክስ! አደረገችው።

«እኔ ማስረሻ ነኝ! አስረሳለሁ!»

ቅሉ ዐይኗ ላይ ወረደ። ማስረሻ ከምሰሶው ጋር ተጋጨች። ኳ!

እማዬ ሳቀች። ሳቀችና፣ ቅሉን ከራሷ ላይ አነሣችላትና፣ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

ከዚያ በሩን አሻግራ አየች። «እህህህ...»

አልረሳችም።

በሌላው ቀን ማስረሻ ሜዳ ወርዳ አደይ አበባ ለቀመች። እቅፍ ሙሉ!

«እኔ ማስረሻ ነኝ! አስረሳለሁ!» እማዬ እግር ሥር በተነችው።

እማዬ ቢጫውን አበባ አየች። ቢጫውን አበባ ሳመች። ፊቷን ግን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እህህህ...»

አልረሳችም። እንዲያውም ባሰባት።

ማስረሻ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም አለች። ሥራውን ያላወቀ ሰው ምን ምሳ አለው?

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደረሰ። አደይና ልጃገረዶቹ ከሾላው ዛፍ ሥር ተሰብስበው፣ የነገውን ዘፈን ይለማመዱ ነበር። ጭብጨባቸው ጯ! ጯ! ጯ! እያለ ቤት ድረስ ይሰማል።

እማዬ ይህን ሰማች። እንስራዋን አዘለችና ምንም ሳትናገር ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ማስረሻ ብቻዋን ቀረች። ከመደቡ ሥር ያለችውን ሙዳይ አየቻት።

«አገኘሁት!» አለች። «እማዬን የምታስለቅሳት ቀሚሷ ናት! ቀሚሷ ከሌለች እማዬ ትረሳለች!»

ተዪ፣ ማስረሻ! ልጆች፣ እስቲ አብራችሁኝ በሏት። ተዪ፣ ማስረሻ!

አልሰማችንም። ታሪክ ውስጥ ያለ ልጅ መቼ ይሰማል?

ሙዳይዋን ሳበቻት። ክዳኑን አነሣች። ቢጫዋን ቀሚስ አወጣቻት።

እሷም እንደ እማዬ አሸተተቻት። ትንሽ ቅቤ ቅቤ ትላለች። ትንሽ ልጅ ልጅ ትላለች።

ማስረሻ ደስ አላት፤ ግን ደግሞ ሆዷ ባባ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

ቀሚሷን ታቅፋ ወደ ውሃው ወረደች። ከሠራቻቸው ታንኳዎች ትልቁን መረጠች።

ቀሚሷን አጥፋ በላዩ አስተኛቻት። ገፋ አደረገችው።

«ሂጂ፣ ቀሚስ። እማዬ እንዳታይሽ ሩቅ ሂጂ።»

ቸብ! ቸብ! ነፋሱ መጣ። ታንኳዋ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች፤ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ሆነች።

«እኔ ማስረሻ ነኝ» አለች ማስረሻ። «አስረሳለሁ።» ድምፅዋ ግን ቀጭን ነበር።

እማዬ ተመለሰች። እንስራዋን አወረደች። ወደ መደቡ ሄደች።

ሙዳይዋን ሳበች። ክዳኑን ከፈተች።

ባዶ!

«ውይ!» አለች እማዬ። «የት ገባች?»

መደቡ ሥር አየች። የለችም። የት ገባች?

ትራሱ ሥር አየች። የለችም። የት ገባች?

ጆንያውን አራገፈች፣ ድስቱን ሁሉ ከፈተች። የለችም፣ የለችም፣ የለችም!

ማስረሻ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ረሳሽ?»

እማዬ አልሰማቻትም። ባዶዋን ሙዳይ ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አለቀሰችም። እንደ ሌላው ቀን እህህህ ብላ አይደለም። «ልጄን! ልጄን!» ብላ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ማስረሻ ፈራች። እናቷ እንዲህ ስታለቅስ አይታ አታውቅም።

ቀሚሷ ሄዳለች። ለቅሶው ግን አልሄደም። ይባስ ብሎ ጨመረ!

ማስረሻ ሮጠች። ሐይቁ ዳር ደርሳ እስከ ጉልበቷ ገባች።

«ነይ!» ብላ ጮኸች። «ቀሚስ፣ ተመለሺ! ነይ!»

ቢጫው ነጥብ የለም። ውሃ ብቻ። ውሃው እንደሆነ ቸብ! ቸብ! ከማለት ሌላ ምንም አያውቅም።

ከዚያ ከሩቅ አንድ ታንኳ ብቅ አለ። አባዬ ነበር፤ ደንገል አጭዶ ሲመለስ።

አባዬ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ያፏጫል። ዛሬ አያፏጭም።

ታንኳው ዳር ደረሰ። አባዬ ወረደ። እጁ ላይ ቢጫዋ ቀሚስ አለች። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሐይቁ መሐል አገኘኋት» አለ። «ውሃ ላይ ተኝታ አገኘኋት።»

ማስረሻ አባቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ከኋላው ከኋላው ተከትላ ቤት ገባች።

እማዬ ቀሚሷን አየች። ዘላ ተነሣች፣ ነጠቀችው፣ አፍንጫዋ ላይ አደረገቻት።

ሳበች። እንደገና ሳበች።

«ጣና ጣና ትላለች» አለች እማዬ። «አዱኛ፣ ሽታዋ ሄደ። የልጄ ሽታ ሄደ።»

ከሾላው ሥር ጭብጨባው ይሰማል። ጯ! ጯ! ጯ!

«እኔ ነኝ» አለች ማስረሻ።

ሁለቱም ዘወር አሉ።

«እኔ ነኝ ታንኳ ላይ የጫንኳት። እማዬ እንድትረሳ ብዬ። ሥራዬ ነው። ስሜ ማስረሻ አይደል?»

«ምን አደረግሽ፣ አንቺ ልጅ!» አለች እማዬ። «ምን አደረግሽ!» ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወይኔ፣ ልጆች! እናት ፊቷን ስታዞር ዓለም ሁሉ ይዞራል።

ማስረሻ ወጥታ ሮጠች። ከደንገሉ ክምር ጀርባ ገብታ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ይህን ስም አልፈልግም! ሌላ ስም ስጡኝ! እኔ ማስረሳት አልችልም!»

ደንገሉ ብቻ ሰማት። ፀሐይዋም ወደ ውሃው ዝቅ ዝቅ አለች።

ትንሽ ቆይቶ ኮሽ! ኮሽ! የሚል የእግር ኮቴ መጣ። እማዬ ነበረች።

እማዬ ደንገሉ መሐል ተሽሎክልካ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች። ነጠላዋን ሁለቱም ላይ ጣል አደረገች።

«ተቆጥተሻል?» አለች ማስረሻ።

«ተቆጥቻለሁ» አለች እማዬ። «አሁንም ትንሽ አለብኝ። ግን ነይ ጠጋ በይ።»

ማስረሻ ጠጋ አለች። የእማዬ ጉንጭ እርጥብ ነበር። የእሷም ጉንጭ እርጥብ ነበር።

«ማን ነው ሥራሽ ነው ያለሽ?»

«ስሜ።»

እማዬ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ስሚኝ፣ ሆዴ። ስም ሥራ አይደለም። ስም ምርቃት ነው። ጎረቤቶቼ ለቅሶዬን አይተው አንጀታቸውን ስበላቸው፣ ‹ማስረሻ ይስጥሽ› ብለው መረቁኝ። ስትወለጂ እነሱ ናቸው በስሙ የጠሩሽ። እኔ ከአልጋዬ ሳልነሣ አገር ሁሉ ማስረሻ ብሎሻል።»

«አንቺ ስሙን አልወደድሽውም?»

«ምርቃታቸውን ወደድኩት። እሷን መርሳት ግን አልፈለግኩም። አሁንም አልፈልግም። ይህን ነበር ልነግርሽ የሚገባኝ፤ ፈራሁ።»

ማስረሻ ትንሽ አሰበች። አንድ ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ነበር። እሱ ነበር ከሁሉም የሚያስፈራው።

«እማዬ፣ እኔ የመጣሁት በእሷ ቦታ ነው?»

«አይደለም!» አለች እማዬ። «የእሷ ቦታ የእሷ ነው። አንቺ በራስሽ ቦታ ነው የመጣሽው። ስትወለጂ አየሁሽና ሳቅኩ። ያን ጊዜ መሳቅ ጠፍቶኝ ነበር። አለቀስኩም። ሁለቱንም ባንድ ላይ።»

«ባንድ ላይ ይቻላል?»

«ይቻላል። ዛሬም ይኸው።» እማዬ እያለቀሰች ፈገግ አለች።

«ሽታዋን ግን ጣና ወሰደው» አለች ማስረሻ። «ልመልሰው አልችልም።»

«አትችይም፣ የኔ ልጅ። እኔም አልችልም።»

በዚህ ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ይህን ላቃናው ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። የሄደ ሽታ አይመለስም።

እንባው ሲያልቅ ማስረሻ ጠየቀች። «ስሟ ማን ነበር?»

እማዬ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ያንን ስም ስንት ዘመን አፏ አላወጣውም!

«ትርንጎ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ትርንጎ?» አለች ማስረሻ። «እንደ ፍሬው?»

«እንደ ፍሬው። ስትወለድ ክብ፣ ቢጫ ነገር ነበረች። አባትሽ አይቷት፣ ‹ይቺ ትርንጎ!› አለ። በዚያው ቀረ።»

«ትርንጎ!» አለች ማስረሻ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እማዬ ደረቷን ያዘች። ስሙ ወጋት። ግን ምን እንዳለች ታውቃላችሁ?

«እስቲ ድገሚው።»

«ትርንጎ!»

«እስቲ ድገሚው።»

እናንተም በሏት፣ ልጆች። ጮክ ብላችሁ። ትርንጎ!

ደጅ ላይ ይሰማ የነበረው የአባዬ ጥብቅ! ጥብቅ! ቆመ። ገመዱ ከእጁ ወደቀ። የእግሩ ኮቴ ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ! እያለ በጥድፊያ መጣ።

«ማን ነው?» አለ አባዬ። «ትርንጎን ማን ጠራት?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ማስረሻ። «እህቴ ናት።»

አባዬ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ ደንገሉ ላይ ዘጭ! ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ማስረሻ አባት ያለቅሳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ያለቅሳል። አባትም ሰው ነው።

«አባዬ፣ ትርንጎ ምን ምን ትሠራ ነበር?»

አባዬ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሌባ ነበረች» አለ።

«ሌባ?»

«እኔ ታንኳውን ጥብቅ! ጥብቅ! አድርጌ አስራለሁ። እሷ ከኋላዬ ድክ ድክ እያለች ትፈታዋለች! አንድ ቀን ሐይቁ መሐል ስደርስ ታንኳው ብትንትን አለብኝ። ዋኝቼ ነው የወጣሁት!»

እማዬ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። «ራሱ ላይ ደንገል አንጠልጥሎ መጣ! ትርንጎም አይታው ጨበጨበችለት።»

«ቀሚሷስ?» አለች ማስረሻ ቀስ ብላ።

«ለእንቁጣጣሽ ነበር ያሰፋሁላት» አለች እማዬ። «አሳየኋት። ለበሰቻት። በቃ፣ አላወልቅም አለች! ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ እምቢ። ለብሳት በላች፣ ለብሳት ተኛች። ስትታመምም ለብሳት ነበር።»

ማስረሻ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማዬ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ሆዴ» አለች እማዬ። «እኔንም ይቅር በዪኝ። ብቻሽን አስበሽ እንድትጨርሺው ተውኩሽ።»

ጨለማው ሲመጣ አባዬ ማስረሻን ትከሻው ላይ አደረጋት። እማዬ ደንገሉን ከራሷ ልብስ ላይ አራገፈች። ወደ ቤት ገቡ።

እራት በሉ። ስለ ትርንጎ አወሩ። አወሩ፣ ዝም አሉ፣ እንደገና አወሩ። ዓሣው ደህና ሆኖ ተጠብሶ ነበር።

ከዚያ የመኝታ ሰዓት ሆነ። እማዬ የማስረሻን እግር በለብ ያለ ውሃ አጠበቻት። ፏ! ፏ!

ማስረሻ መደቧ ላይ ወጣች። ሌላ ጊዜ እጅና እግሯን ዘርግታ፣ መደቡን ሁሉ ይዛ ነው የምትተኛው። ዛሬ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ደግሞ ጠጋ አለች። ደግሞ ጠጋ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች እማዬ።

«ምንም» አለች ማስረሻ። «አደይ ቤት ታናሽ በግድግዳ በኩል ነው የምትተኛው። ታላቅ ናት በዳር።»

እማዬ መደቡ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ ጋቢውን አመጣች። ከግድግዳው ጀምራ እስከ ባዶው ቦታ ድረስ ዘረጋችው። ጫፉን እንዳይበርድ አድርጋ አስገባችው።

ማስረሻን ሳመቻት። ኩራዙን እፍ! አለችው።

«ደህና እደሩ» አለች እማዬ። «ደህና እደሩ፣ ልጆቼ።»